የካናዳን ታሪክ በፈረንሳይኛ ለድሬ ልጅ ማንበብ፦ ከባቡሩ ጀምሩ

እህቴ ሞንትሪያል ነው የምትኖረው። አምና ስትመጣ ለልጄ ግማሽ ሻንጣ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች፣ ሁሉም ስለ ካናዳ ታሪክ። ቸኮሌት የጠበቀችው ልጄ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ትማራለች፣ ከደብተሯ ውጪ የምታነብበው ግን አልነበራትም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ክምር ካለ ወይ ከውጭ ዘመድ ልታስመጡ ካሰባችሁ፣ እኔን ያደከመኝ እናንተን እንዳያደክማችሁ ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተቴ ታሪኩን ከመጀመሪያው መጀመሬ ነው። ዣክ ካርቲዬ በ1534 ጋስፔ ላይ መስቀል ተከለ፣ ሻምፕለን በ1608 ኬቤክን ቆረቆረ እያልኩ በሦስተኛው ምሽት ልጅቷ እንቅልፍ ጣላት። አልፈርድባትም። ለድሬዋ ከዚራ ሰፈር ልጅ 1608 ምኗ ነው?

ከባቡሩ ጀምሩ። የድሬ ልጅ ባቡርን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። መጀመሪያ ለገሃር የሚለው ስም ላ ጋር ከሚለው ፈረንሳይኛ እንደመጣ ንገሩት፣ አያቶቻችን ሸሚንደፈር የሚሉትም ሽመን ደ ፌር፣ የብረት መንገድ ማለት እንደሆነ። ከዚያ የካናዳን ባቡር መጽሐፍ ክፈቱ። ሀዲዱ ከምሥራቅና ከምዕራብ እየተሠራ መጥቶ የመጨረሻው ምስማር የተመታው በ1885 ኅዳር 7 በፈረንጅ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ክሬጌላኪ በምትባል ቦታ ነው። ተራራ ተራራውን በፈንጂ ከሰነጠቁት ውስጥ 15,000 ገደማ ቻይናውያን ነበሩ፣ ክፍያቸው ከነጮቹ ያነሰ፣ ብዙዎቹም በአደጋና በበሽታ እዚያው ቀሩ። ልጄ ይህን ስትሰማ ወዲያው «የእኛንስ ማን ሠራው?» አለች። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፣ ወደሳቸው ላክኋት። እሳቸውም ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በፈረንሳይኛ አጫወቷት፣ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ በፈረንጅ 1902 እንደገባ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1917 እንደፈጀ። ያን ቀን መጽሐፉን ከእጇ መቀማት አቃተኝ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ግን ጥንቃቄ። መጽሐፉ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ልጁ የሚቆጥረው በእኛ። ቀመር አታስተምሩት፣ ቤት ካለ ታሪክ ጋር አስሩለት። ካናዳ ኮንፌደሬሽን የሆነችው፣ ማለት ግዛቶቹ ተባብረው አንድ አገር የሆኑት፣ በ1867 ሐምሌ 1 ነው፣ በእኛ 1859 መሆኑ ነው። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያለፉት ከዚያ ዘጠኝ ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ነው። ያ የመጨረሻ ምስማር ከተመታ ከ14 ወር በኋላ ደግሞ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ተዋግተው ሐረር ገቡ። ልጄ ደብተሯ ላይ ሁለት መስመር ጎን ለጎን አስምራ አንዱን ካናዳ አንዱን እኛ ብላዋለች፣ መጽሐፉ ላይ ዓመት ባየች ቁጥር የእኛን መስመር ሙሉልኝ ትላለች፤ አንዳንዴ እኔም መልሱን ፈልጌ ነው የምመጣው።

ቋንቋው ሌላ ጣጣ አለው። የኬቤክ ፈረንሳይኛ ከፈረንሳዩ በጥቂት ቃል ይለያል። ልጄ ዲኔ ምሳ ነው ብላ ፈተና ላይ ጻፈች፣ መምህሯ ኤክስ አደረገባት። ሁለቱም ልክ ናቸው፦ ኬቤክ ዴዥኔ ቁርስ፣ ዲኔ ምሳ፣ ሱፔ እራት ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ ቁርሱ ፕቲ ዴዥኔ፣ ዴዥኔው ምሳ፣ ዲኔው እራት። ይህን ቀድማችሁ ንገሩ፣ ማርክ ይተርፋል።

በረዶም አለ። እኛ ሁሉንም በረዶ እንላለን፣ ፈረንሳይኛው ግን ሰማይ የሚወረውረውን ግሬል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ግላስ፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውን ኔዥ ይለዋል። ድሬ ሙቀት ውስጥ ኔዥን ማስረዳት ቀላል አይደለም፣ የትራስ ጥጥ በትኜ ነው ያሳየኋት። ግን ይህን ካልገባው የካርቲዬን ክረምት አይረዳም። በ1535 መጨረሻ መርከቦቹ ወንዝ ላይ በግላስ ተያዙ፣ ሰዎቹ ድድ በሚያደማና ጥርስ በሚያረግፍ በሽታ ተመቱ፣ ከ110ሩ 25 ሞቱ። የተረፉትን ያዳናቸው ዶማጋያ የሚባል የአገሬው ሰው ያሳያቸው የዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ቀቅሎ መጠጣት ነው። እናቴ አጠገባችን ሆና ስትሰማ «ዳማ ከሴ መሆን አለበት» አለች። አይደለም፣ ግን ነገሩ ገብቷታል።

ንባቡን በየምሽቱ ሁለት ገጽ ብቻ አድርጉት። መጀመሪያ ሥዕሉን ልጁ በአማርኛ ይተርክ፣ ከዚያ ፈረንሳይኛውን እናንብብ። የማያውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጉ፣ ታሪኩ ይሞታል። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ፓሴ ሴምፕል፣ ማለት በጽሑፍ ላይ ብቻ የሚገኘው የኃላፊ ጊዜ ግስ፣ የሞላበት መጽሐፍ ይቆይ። ፊ፣ ፕሪ፣ ፉ የሚሉት ግሶች ለጀማሪ ልጅ ሌላ ቋንቋ ናቸው። በአሁን ጊዜ ወይም በማስታወሻ ደብተር መልክ የተጻፈ ይቀለዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ገጾች አስነሡና ፎቶውን እዩ። ትራድዊ ደ ላንግሌ ካለ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ ግን ታሪኩን ከየትኛው ወገን እንደሚያይ አስተውሉ፤ የ1759ኙን የኬቤክ ጦርነት ወይም በ1755 የተጀመረውን የአካድያውያንን (በምሥራቅ ካናዳ የሰፈሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች) ከአገር መባረር ፈረንሳይኛ ተናጋሪውና እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ ዓይነት አይተርኩትም። የታተመበትን ዓመትም እዩ። የጥንቱ መጽሐፍ ነባሩን ሕዝብ ሶቫዥ፣ አውሬ እያለ ይጠራል፣ የዛሬው ፕሪሚዬር ናሲዮን፣ ኢኑዊት፣ ሜቲስ ይላል። እኔ የጥንቱን አልገዛም።

የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ታሪክ ግን ብቻችሁን ቀድማችሁ አንብቡት። ከነባር ሕዝቦች ቤተሰብ ልጆች እየተወሰዱ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ የተደረጉበት ነው፣ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ልጄ «አማርኛ ብናገር ይመቱኝ ነበር?» ብላ ጠየቀች፣ እዚያው መጽሐፉን ዘግተን ስናወራ አመሸን። ከመኝታ በፊት አይሆንም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል።

መጽሐፍ የሚያመጣ ዘመድ ከሌላችሁ መጀመሪያ ድሬ ያለውን የፈረንሳይኛ ማዕከል፣ አልያንስን ጠይቁ፣ ኬቤክ ብላችሁ ለይታችሁ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የካናዳ ኢንሳይክሎፔድያ በፈረንሳይኛ በነጻ ይነበባል፣ የካናዳ ታሪክ ሙዚየምም ስለ ኑቬል ፍራንስ (ፈረንሳይ ያኔ በሰሜን አሜሪካ የያዘችው ግዛት) የሠራው ገጽ አለው። ለልጅ ትንሽ ይከብዳል፣ ለእናንተ መዘጋጃ ግን በቂ ነው። ዘመድ ካላችሁ ያገለገለውንና ቀጭኑን ግዢልኝ በሉ፣ ሻንጣ በኪሎ ነው የሚመዘነው።