ለመመረቅ ሁለት ወር ሲቀር ጭንቀትን እንዴት እናርግብ?

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ባለው ቤታችን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሳሎኑ መብራት በርቶ አየሁና ተነሳሁ። ታናሽ እህቴ ጋቢ ተከናንባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሃንድአውት አለ። "ምን እያነበብሽ ነው?" አልኳት። ገጹን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "እኔንጃ" አለችኝና እንባዋ መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ነበረች።

ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል። ኤግዚት፣ ማለትም የመውጫ ፈተናው አለ። የሲኒየር ሪሰርች ዲፌንስ አለ፤ የመመረቂያ ጥናትን በፈታኞች ፊት ማቅረብ ማለት ነው። ክሊራንስ፣ ጋዎን፣ ሱፍ፣ ፎቶ፣ ድግስ አለ። ከሁሉም በኋላ ደግሞ "ሥራስ?" የሚል ጥያቄ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከከተማው ዳር የሚኖር ተማሪ በዚህ ላይ የመንገዱ ድካም ይጨመርበታል። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ሰሞን ከእህቴ ጋር አንድ በአንድ የሞከርነው ነው። እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ብትሞክሩት ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

1. መጀመሪያ ጭንቀቱን ወረቀት ላይ አውርዱት

አንድ ወረቀት ያዙ። ስልክ ላይ ባይሆን ይሻላል። ለ15 ደቂቃ ያህል የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ ጻፉ። ትልቁንም ትንሹንም። ፊደል አትምረጡ፣ ዓረፍተ ነገር አታሳምሩ።

ከዚያ እያንዳንዱ መስመር ፊት ምልክት አድርጉ። በዚህ ሳምንት የምሠራው፣ ጊዜው ገና የሆነ፣ በእኔ እጅ የሌለ። እህቴ 23 መስመር ጽፋ ነበር። በዚያ ሳምንት መሠራት የነበረባቸው ስድስቱ ብቻ ነበሩ። አድቫይዘሯን (የጥናት አማካሪዋን) ማግኘት፣ ምዕራፍ አራትን ማረም፣ የሁለት ኮርስ ሃንድአውት መፈለግ፣ እንደዚህ ያሉ ነገሮች። የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ዕዳም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከተመረቁ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ግንቦት ላይ ምን ያደርጋል? ሰረዝነው።

አንዱ መስመር ግን ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። "አባዬ ለሰው ሁሉ ነግሯል" ይላል። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

2. ሰውነታችሁ ምን እያደረገ እንደሆነ እወቁ

ልብ ድው ድው ይላል። እጅ ይቀዘቅዛል። አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። ብዙ ተማሪ ይህ ሲመጣበት "አለቀልኝ፣ ያነበብኩት ሁሉ ሊጠፋብኝ ነው" ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው ደግሞ ልቡን ይብስ ያስመታዋል። ነገሩ ግን አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሥራውን እየሠራ ነው። ሰውነት ለከባድ ነገር ሲዘጋጅ እንዲህ ያደርጋል።

ሮበርት ይርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተሙት ጥናት በአይጦች ላይ አንድ ነገር አይተው ነበር። ከባድ ነገር ለመማር መጠነኛ መነቃቃት ይረዳል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ፍርሃቱን ድራሹን ለማጥፋት አትድከሙ። ልክ ላይ ማምጣት ይበቃል።

ለዚህ ቀላሉ መንገድ ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ አራት እስክትቆጥሩ አየር ሳቡ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ ስድስት ወይም ስምንት እስክትቆጥሩ አስወጡ። ማስወጣቱ ከመሳቡ ይርዘም፤ የልብ ምትን የሚያበርደው እሱ ነው። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። አሁኑኑ፣ ሳትጨነቁ ተለማመዱት። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ልጀምረው ብትሉ እሺ አይላችሁም።

3. መጽሐፉን ዝጉት

ይህ የንባብ ምክር ይመስላል፤ የጭንቀት መድኃኒትም ነው። ብዙዎቻችን የምናነበው ደጋግመን በማየትና በማስመር ነው። ገጹ እየተለመደ ሲሄድ የገባን ይመስለናል። ፈተናው ሲቀርብ ግን ውስጣችን አያምነንም፤ ምክንያቱም ራሳችንን ፈትነን አናውቅም።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል። እናንተም አንድ ርዕስ አንብቡና ሃንድአውቱን ገልብጡት። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን ሙሉ። መጀመሪያ ላይ ሞራል ይነካል፣ ብዙ ባዶ ቦታ ታያላችሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ልዩነቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ለኤግዚት ደግሞ የትምህርት ክፍላችሁ ያሳወቃቸውን ኮርሶች ብቻ ያዙ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ይሰጣል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ይህን ቁጥር የማነሳው በምክንያት ነው። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የተማራችሁትን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል እንድትወጡት የጠየቃችሁ የለም። ፈተናው በኮምፒዩተር ስለሆነ ሞዴል ፈተና ስታገኙ በስክሪን ላይ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ።

4. እንቅልፍ፣ ቡና እና ጫት

እንቅልፍ የንባቡ አካል ነው። ቀን ያነበባችሁትን አእምሮ የሚያደላድለው ስትተኙ ነው። ሌሊቱን ሲቸክል ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ያነበበውን ማስታወስ ይከብደዋል።

ቡና ከኛ ቤት አይጠፋም፤ ተዉ አልልም። ግን ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዓይኑ ቢፈጥ አይገርምም። ከሰዓት በኋላ ሻይ በጦስኝ ይሁንላችሁ።

ስለ ጫት ግልጽ ልሁን። "ያስጠናል" ሲባል ሰምታችኋል። ውስጡ ያለው ካቲኖን ያነቃል፣ እውነት ነው። ልብንም ያስመታል፣ እንቅልፍንም ይነሳል። ሲለቅ ደግሞ ድብርቱን ይዞ ይመጣል። የተጨነቀ ሰው ላይ ይህን መጨመር ቤንዚን እንደማርከፍከፍ ነው። ዲፌንሱ ሲቀርብ አትጀምሩት።

5. መንገዱንና መብራቱን አስቀድማችሁ አስሉ

ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከአያት ጫፍ ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ የታክሲ ሰልፉ ብቻ የሰውን ጉልበት ይጨርሳል። በጉዞ ላይ የግድ ላንብብ አትበሉ። አንዳንዱን ቀን መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። ማንበብ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ማጠቃለያችሁን በራሳችሁ ድምፅ ስልክ ላይ ቅዱና አዳምጡት።

የመፈተኛ ጣቢያችሁን አስቀድማችሁ አንድ ቀን ሂዱና እዩት። በጠዋት፣ በፈተናው ሰዓት ሂዱ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያኔ ይታወቃል። ሰኔ ከሆነ ዝናቡንም ጨምሩበት። በጣም ከራቀ የፈተናው ዋዜማ አቅራቢያው ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት እደሩ።

መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ሁሌም ቻርጅ ይደረጉ። የሪሰርቹን ፋይል ፍላሽ ላይ፣ ኢሜይል ላይና ቴሌግራም ላይ አስቀምጡት። ሦስት ቦታ።

6. ዲፌንሱን ለማያውቅ ሰው አቅርቡ

እህቴ ፕሬዘንቴሽኗን መስታወት ፊት ስትለማመድ ነበር። አልሠራላትም። መስታወት አይጠይቅማ። አንድ ቀን ማታ እማዬ ምስር እየለቀመች ሳለ ፊቷ ቆማ ጀመረች። እማዬ ሰፌዱን አላስቀመጠችም። እየለቀመች ሰማቻት። ሲያልቅ ቀና ብላ "ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ይሄ ነገር ለማን ነው የሚጠቅመው?" አለቻት።

እህቴ ተደናገረች። ስድስት ወር የሠራችውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አቃታት። ሌሊቱን ስታስብበት አደረች። በማግሥቱ መልሱን በሁለት መስመር ጽፋ የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አደረገችው። የዲፌንሱ ቀን አንደኛው ፈታኝ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ጠየቃት። መልሱ ከአፏ ወጣ።

ስለዚህ እናት፣ ጎረቤት፣ ሰፈር ያለ የሱቅ ባለቤት፣ ማንም ይሁን። ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ "ይህን በጥናቴ አላየሁትም" ማለት ነውር አይደለም።

7. ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ከሁሉም የሚያቀልለውም እንዲሁ።

ብዙ ጂሲ ተማሪ የሚፈራው ፈተናውን ራሱን አይመስለኝም። የሚፈራው የአባቱን ፊት ነው። አባት ለዕድር ጓደኞቹ ነግሯል። እናት በግ የምትገዛበትን ብር ከዕቁብ አስባለች። አክስት ከክፍለ ሀገር "መቼ ነው ቀኑ?" ብላ ትደውላለች። ልጁ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው መጽሐፍ የሚገልጠው።

እህቴ አንድ እሁድ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ተቀምጠን ሳለ ተናገረች። ምን እንደምትል ከኔ ጋር ተለማምደን ነበር። "አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። እያነበብኩ ነው። ግን ፈርቻለሁ። ላላልፍ እችላለሁ። ካላለፍኩ ደግሞ እንደገና መፈተን ይቻላል። ለሰው ሁሉ ቀን ቆርጠህ ስትነግር ግን እንቅልፍ አጣለሁ።"

አባዬ ሲኒውን አስቀመጠ። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ "የምናገረው ኮርቼብሽ ነው እንጂ እንዲህ ይከብድሻል ብዬ አላሰብኩም" አላት። እማዬ "ድግሱስ?" ብላ ጠየቀች። "ውጤቱ ይምጣና እንነጋገራለን" አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ለሚደውለው ዘመድ መልስ የሚሰጠው እሱ ሆነ።

ሁሉም አባት እንዲህ እንደማይመልስ አውቃለሁ። የሚቆጣ አለ። ፊት ለፊት መናገር ካቃታችሁ ቤተሰብ የሚሰማውን ሰው አስቀድሙ፤ ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ ወይም ኡስታዝ። ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ ዳር ላይ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ስልክ ደውሉ። ስትናገሩ ሦስት ነገር ይኑር፦ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ፣ ባይሳካ ምን እንደሚቀጥል። የሱፉንና የድግሱንም ወጪ በዚያው አንሱ። የቤቱን አቅም የሚያውቅ ልጅ ወላጅ ተበድሮ እንዲደግስለት አይፈልግም፤ ይህን ግን አፍ አውጥቶ መናገር ያለበት እሱ ነው። እባካችሁ የውሸት ቀን ወይም የውሸት ውጤት አትንገሩ። እሱን የሚያህል ጭንቀት የለም።

8. ከጭንቀት በላይ ሲሆን

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ትወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ትርጉም ካጣ፣ ወይም "ብሞት ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ በትንፋሽና በፕሮግራም የሚያልፍ ነገር አይደለም። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። የግቢያችሁን የምክር አገልግሎት ጠይቁ። ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለባለሙያው ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ነው፤ እዚያ መታየት "አበደ" ማለት አይደለም። ጠበሉም ጸሎቱም አይቅር፤ ሕክምናው አብሮ ይሂድ። ጓደኛችሁ እንዲህ ካለ ብቻውን አትተዉት። አብራችሁት ሂዱ።

9. የፈተናው ጠዋት

ቁርስ ብሉ። የለመዳችሁትን ቁርስ። አዲስ ነገር አትሞክሩ። በር ላይ ተሰብስበው "ይሄን አንብበሻል? ያንንስ?" ከሚባባሉት ራቅ በሉ።

ጊዜ ካላችሁ ጥግ ይዛችሁ 10 ደቂቃ የሚያስፈራችሁን ጻፉና ወረቀቱን ቅደዱት። ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ፍርሃታቸውን የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። በተለይ ፈተና በጣም የሚፈሩት።

ውስጥ ስትገቡ ያንን ረጅም ትንፋሽ ሦስት ጊዜ። የምታውቁትን ጥያቄ አስቀድሙ። የከበደውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉት፣ ኋላ ትመለሱበታላችሁ። ስትወጡ መልስ አታነጻጽሩ፤ ቀጥታ ወደ ቤት።

እህቴ በዚያ ቀን ከሰዓት ዝናብ መትቷት ገባች። እማዬ ትኩስ ሽሮ አቀረበችላት። ግማሹን በልታ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። "ተነሺ ጨርሺው" ሊባል ሲል እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ጋቢውን አለበስኳት።