ከጅማ ወደ ሳን ማሎ ለምትሄዱ፦ መርከቡ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

ሳን ማሎ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ ውስጥ ያለች በግንብ የታጠረች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከግንቡ ወጣ ስትሉ መኪና ሳይቀር ጭኖ ወደ እንግሊዟ ፖርትስመዝ የሚሻገረው መርከብ ወደብ አለ። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፈረንሳይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ እንግሊዝ አያስገባም። የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖራችሁ እንኳ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ስላደረገ፣ አንዴ ከተሻገራችሁ ተመልሶ ፈረንሳይ መግባት የለም፤ የመመለሻ በረራችሁ ከፓሪስ ከሆነማ ትኬቱን ተሰናበቱት። ከሳን ማሎ በመርከብ የሚኬድባት ጀርሲ ደሴትም ሸንገን ውስጥ ስላልሆነች ያው ናት።

በዚሁ ውሳኔ የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል አትዘናጉ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት።

ሻንጣ ውስጥ ቅቤና ቋንጣ አትክተቱ፣ የሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ነው። የተቆላ ቡና ግን ያዙ። የሳን ማሎ ነጋዴዎች እኮ በ1708 (እ.ኤ.አ.) አፍሪካን ዞሮ የመን፣ ሞካ ድረስ ቡና የሚያመጣ መርከብ የላኩ ናቸው፤ ዛሬ የጅማ ሰው ራሱ ይዞላቸው ቢመጣ ምን ይላሉ?

ፓሪስ ስትደርሱ ወደ ሳን ማሎ የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ከሞንፓርናስ ጣቢያ ነው። ከኤርፖርቱ ይርቃል፣ ሰዓት ተርፎ ይያዝ።

ከተማዋ ውስጥ መጀመሪያ ግንቡ ላይ ውጡ። ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አይከፈልበትም። ውስጡ ያሉት ቤቶች ጥንታዊ ቢመስሉም አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 (እ.ኤ.አ.) ወድመው እንደገና የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ ባሕሩ። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ከ12 ሜትር ይበልጣል፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በሉት። ውሃው ሲሸሽ ወደ ግራን ቤ ደሴት በእግር ይኬዳል፤ የደራሲው ሻቶብሪያን መቃብር እዚያ ነው፣ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። ከመሄዳችሁ በፊት ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁ። ከደረሰባችሁ በውሃው ውስጥ ለመሻገር አትሞክሩ፣ እስኪጎድል ለሰዓታት እዚያው ቁጭ ነው።

ባሕር ላይ ሳልሄድ አልመለስም ካላችሁ ደግሞ ማዶ ወዳለችው ዲናር የምትመላለስ ትንሽ ጀልባ አለች። 10 ደቂቃ ያህል ብትወስድ ነው፤ ከፈረንሳይም አታስወጣችሁም።