የወባ ስላይድ ስታዩ ሴሉንም እዩት

ክረምቱ ወጥቶ የወባ ወቅት ሲመጣ አዳዲስ የላብራቶሪ ልጆች አጠገቤ ይቀመጣሉ። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ ስህተት በየዓመቱ ስለማይ ዛሬ ልጻፈው።

በማይክሮስኮፕ ቀለበት (ገና ያላደገ የወባ ፓራሳይት፣ ማለትም ተውሳክ) ያያሉ፣ "ፋልሲፓረም" ብለው ይጽፋሉ፣ ቀጣዩን ስላይድ (ደም የተቀባበትን መስታወት) ያነሳሉ። ኧረ ቆይ! ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስም እኮ ቀለበት አለው። ዓይናችሁን ከፓራሳይቱ ወደ ቀይ ሴሉ አዙሩ። ቫይቫክስ የሚመርጠው ገና ለጋ የሆኑትን ቀይ ሴሎች ነው። እነሱ ድሮውንም ተለቅ ይላሉ። ፓራሳይቱ ሲያድግ ደግሞ ይበልጥ ያብጣሉ፣ ቅርጻቸው ይዛባል፣ የሹፍነር ነጠብጣብ የሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ይወጡባቸዋል። ፋልሲፓረም የያዘው ሴል ግን መጠኑ ያው ነው። አጠገቡ ካለው ጤነኛ ሴል ጋር አስተያዩት። በቃ፣ ይኸው ነው!

ይህን የምለው እኔም ስለሠራሁት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት እናት ስላይድ ላይ ቀለበት አይቼ ፋልሲፓረም አልኩ። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ወስደው ተሻላቸው። ከሁለት ወር በኋላ እየተንቀጠቀጡ መጡ። የድሮውን ስላይድ አውጥቼ ሳየው ሴሎቹ አብጠዋል። ቫይቫክስ ነበር። ጉበት ውስጥ የተኛውን የቫይቫክስ ፓራሳይት የሚያጠፋው የ14 ቀን መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊን፣ በእኔ ምክንያት ቀረባቸው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጡም።

በወፍራሙ ስሚር (ስላይዱ ላይ ወፈር ተደርጎ በተቀባው ደም) የሴል ቅርጽ አትፈልጉ። እዚያ ቀይ ሴሎቹ ፈንድተዋል። ለዚህ ነው ሴል እንዳይፈነዳ የሚያደርገው ሜታኖል ስሱን ስሚር ብቻ መንካት ያለበት።

የሁሉም ሴል ጠርዝ እሾህ እሾህ ካለ ወባ አይደለም የሠራው። ስላይዱ ቀስ ብሎ ደርቋል፣ ወይም ደሙ ቱቦ ውስጥ ቆይቷል።

የጊምዛው (የስላይድ ማቅለሚያው) ውሃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 7.2 ይሁን። ወደ አሲድ ካዘነበለ የሹፍነር ነጠብጣቡ አይታይም።

"ፓራሳይቱ ጥቂት ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። ፋልሲፓረም ሴሉን ባያሳብጠውም ያደነድነዋል፣ ላዩ ላይም ጥቃቅን ጉጦች ያወጣበታል። በእነሱ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ አንጎል ውስጥ ሳይቀር። ስለዚህ የጎለመሱት ፓራሳይቶች ከጣት በምንወስደው ደም ብዙም አይገኙም፤ የሚታየን ቀለበቱና ሙዝ የሚመስለው የፓራሳይቱ የመራቢያ ቅርጽ ነው። ታካሚው ሰው መለየት አቅቶት ስላይዱ ላይ ጥቂት ቀለበት ካያችሁ፣ የውጤቱ ወረቀት ወረፋ አይጠብቅ። ተነሱና ለሐኪሙ በአፋችሁ ንገሩ።