የጎረቤት አገር ሳንቲምና ኖት ዘመኑ እንዴት ይነበባል?

አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ዝርዝር ለእኔ ይሰጠኛል። በኋላ ናይሮቢ ደርሰው የመጡ፣ ጁባ የሠሩ የሰፈር ሰዎችም ጨመሩበት። አሁን ለገሃር አካባቢ ካለው ቤቴ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ። ሳንቲሞቹን በአገርና በዘመን ለይቼ ለመደርደር ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተ በሁለት ቅዳሜ ትጨርሱታላችሁ።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የመስኮት ብርሃን፣ ማጉያ መነፅር፣ ትንሽ ማግኔት፣ ደብተርና እርሳስ። ለማስቀመጫ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ለስላሳው የፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። እኔ የሞከርኳቸው የስልክ መተግበሪያዎች ደግሞ የግዕዙን ቁጥር በትክክል አላነበቡልኝም። በዓይናችሁ ተማመኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር፦ አትጠቡ። ግመል የሚጋልብ ፖስተኛ ያለበት የ1956 የሱዳን ሳንቲም ነበረኝ። የሱዳን የመጀመሪያዎቹ የነፃነት ሳንቲሞች ይህን ምስል ነው የያዙት። እናቴ የነሐስ ዕቃ እንደምታጸዳው በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። አንጸባረቀ። ግን የግመሉ እግርና የጽሑፉ ጠርዝ አብሮ ተፋቀ፣ መልኩም ወደ ሮዝ ሄደ። ያ ቆዳ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። ጭቃ ካለው፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አቆይታችሁ በጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። መፈተግ የለም።

መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ አንብቡ

ዓመቱን ለማየት አትቸኩሉ። ስሙ ይቅደም። የጅቡቲ ሳንቲም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁሉም ፍራንክ ነው፣ ሁሉም በፈረንሳይኛ ተጽፏል፣ ምስሎቹም ይመሳሰላሉ። ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የቆዩት «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በኋላ «የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት» ሆነ። ከ1977ቱ ነፃነት በኋላ «የጅቡቲ ሪፐብሊክ» መጣ። የአገሪቱ ታሪክ በሦስት ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥላችኋል። ፍራንኩ ራሱ ግን ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ እንደተተከለ ነው።

ሶማሊያና ሶማሊላንድን አትቀላቅሉ። ሁለቱም ሽልንግ ይላሉ። የሶማሊላንዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን «ሶማሊላንድ» የሚለው ቃል ኖቱ ላይ በግልጽ ይነበባል። ሶማልኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1972 መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ ሌላም ትለያላችሁ። ኖቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሶማልኛ ካለ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው። ጣሊያንኛ ከሆነ ከዚያ በፊት ነው።

ደቡብ ሱዳን ቀላል ነው። ፓውንዱ የወጣው ነፃነቷን ባወጀችበት በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኖቶቹ የጆን ጋራንግን ምስል ይዘዋል። ሱዳንም በዚያው ወር የራሷን ኖት ቀይራለች።

ዓመቱ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በአካባቢያችን ሳንቲም ላይ ሦስት ዓይነት ዘመን ታገኛላችሁ፦ የእኛ፣ የፈረንጅና የሂጅራ።

ከእኛው እንጀምር። ፲፱፻፷፱ ሲነበብ ፲ና ፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ና ፱ ስልሳ ዘጠኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ። በፈረንጅ 1976/77 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትጨምራላችሁ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ 1969 ብዬ ብቻ ከኬንያ ሳንቲም ጋር በአንድ ረድፍ መዝግቤው ነበር። በዚያ ስሌት የአንበሳው ሳንቲም በጃንሆይ ጊዜ የወጣ መሰለ። የደርግ ነው። ሙሉ ገጽ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጻፉ።

የሱዳን ቁጥር ሌላ ወጥመድ አለው። ክብ የሚመስለው ዜሮ አይደለም፣ አምስት ነው። ዜሮ ትንሽ ነጥብ ነች። የፈረንጁን ሰባት የሚመስለው ስድስት ነው። ሰባት አፉን ወደ ላይ የከፈተ፣ ስምንት ወደ ታች የደፋ ማዕዘን ነው። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሆንም ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ይታያል። ትንሹ የሂጅራ ነው። በ0.97 አባዝታችሁ 622 ስትጨምሩ የፈረንጁ ይመጣል። በ1376 ሞክሩት፣ ፖስተኛው ግመል ላይ ያለው 1956 ይወጣል።

ዓመቱን ማንበብ ስትችሉም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ጃንሆይ ምስል ያለባቸው ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ ይላሉ፤ ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለው ግን በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። ያው ዓመት ሳይቀየር ለብዙ ጊዜ ተመቷል። ፲፱፻፷፱ም እንዲሁ። ማግኔት የሚጠቅመው እዚህ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከወጡት ብዙዎቹ ብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ማግኔት ይይዛቸዋል።

ከሁሉም የሚያታልለው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት 1780 እ.ኤ.አ. ሁሉም ላይ አለ። ግን ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ «ከ200 ዓመት በላይ የሆነው ነው» ተብዬ ከአቅሜ በላይ ከፈልኩ። ብሩ እውነተኛ ብር ነው፣ ዕድሜው ግን የተባለውን ያህል አልነበረም። ለዕድሜ ተብሎ የሚጠየቅ ጭማሪ አትክፈሉ። ክብደቱ 28 ግራም አካባቢ መሆኑን፣ ጠርዙም ላይ ከፍ ብሎ የወጣ ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ተዉት። የአክሱም ሳንቲም ቢያሳዩዋችሁ ደግሞ ጨርሶ አትግዙ። ቅርስ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ።

ከዚያ ምስሉን ተከተሉ

ኬንያ ላይ ምስሉ ብቻ ብዙ ይነግራል። መጀመሪያ ጆሞ ኬንያታ፣ ከዚያ ሞይ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደገና ኬንያታ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የማንም ሰው ምስል ገንዘብ ላይ እንዳይኖር ከለከለ። በ2018 መጨረሻ የወጡት ሳንቲሞች ስለዚህ እንስሳ ይዘው መጡ፦ አንድ ሽልንግ ቀጭኔ፣ አምስት አውራሪስ፣ አሥር አንበሳ፣ ሃያ ዝሆን። አዲሶቹ ኖቶች በ2019 ተከተሉ፣ አሮጌው የ1,000 ሽልንግ ኖትም በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ዋጋው አበቃ።

በነገራችን ላይ፣ ቤተሰቦቻችን 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገራችን ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲመጣ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። የብር ግማሽ ሽልንግ ሆኖ ቀረ። ያንን ሽልንግ ስታገኙ ከኬንያ ፖስታ ውስጥ አታስገቡት። ኬንያ የራሷን ገንዘብ ያወጣችው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው።

የኤርትራ ናቅፋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 ብርን ተካ። ሳንቲሞቹ የዱር እንስሳት አሉባቸው። ኖቶቹ ግን በ2015 ተቀይረዋል፣ ስለዚህ ኖት ላይ ዓመቱን እዩ።

ሱዳን ላይ የገንዘቡን ስም ሳታዩ አሃዙን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናር መጣ፣ አንዱ በ10 ፓውንድ። በ2007 ፓውንዱ ተመለሰ፣ አንዱ በ100 ዲናር። የድሮው 1,000 ፓውንድ የአዲሱ አንድ ፓውንድ ነው ማለት ነው።

ኖት ወደ ብርሃን አንሱና የውኃ ምልክቱን እዩ። የባንኩን ገዢ ፊርማም መዝግቡ። ምስሉ ሳይቀየር ፊርማው ብቻ የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው። የታጠፈ ኖት በካውያ አታቃኑ። ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት።

በመጨረሻ ሁሉንም ጻፉ። መጠን፣ ያወጣው፣ ዓመት ከነዘመኑ፣ እና ማን እንደሰጣችሁ። የእኔ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ «20 ፍራንክ፣ የአፋርና የኢሳ ግዛት፣ 1975 እ.ኤ.አ.፣ ከአጎቴ፣ ከድሬዳዋ ሲመለስ።»