በመሀል አዲስ አበባ የስትሪንግ ኳርቴት ኮንሰርት እንዴት ይዘጋጃል?

ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቀው)፣ አንድ ቼሎ (ተቀምጠው በጉልበት መሀል የሚይዙት ትልቁ)፤ ስትሪንግ ኳርቴት ይኸው ነው። ድምፅ ማጉያ አይፈልግም። ጎበዝ ተጫዋቾች ካገኛችሁ ትንሽ ክበብም ሊያዘጋጀው ይችላል። ከባዱ የድሮውንና የዘመኑን ሙዚቃ አስማምቶ መደርደሩ ነው።

ስለዚህ ከሥራዎቹ ምርጫ ጀምሩ፤ አዳራሹ ይደርሳል። አዲሱን ሥራ መጨረሻ ላይ አታድርጉት። ያን ጊዜ ሰው ደክሞታል፤ ልቡም የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። መሀል ላይ፣ ከዘመዱ ጎን አስቀምጡት።

ለምሳሌ በኦስትሪያዊው አቀናባሪ በሃይድን ኳርቴት፣ ኦፐስ (የሥራ መለያ ቁጥር) 77 ቁጥር 2 ክፈቱ። የ1799 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። ወዲያው አሜሪካዊቷ አቀናባሪ ካሮላይን ሾው በ2011 እ.ኤ.አ. የጻፈችው «አንትራክት» ይከተል። ሾው መነሻ ያደረገችው ያንኑ የሃይድን ኳርቴት፣ በተለይ ሚኑዌት የሚባለውን የዳንስ ክፍሉን ነው። ታዳሚው አሁን የሰማው ነገር ሲፈርስና ሲገጣጠም ይሰማል ማለት ነው። ርዝመቱ ከ10 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። አንዳንድ ቦታ ተጫዋቾቹ ደጋኑን ሳይጫኑ ገመዱ ላይ ያንሸራትቱታል፤ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ደጋኑን ትተው እንደ ክራር በጣታቸው ይደረድራሉ። መጨረሻ ላይ ቼሎው ብቻውን ይቀራል።

ከዚያ የ15 ደቂቃ እረፍት ስጡ።

መዝጊያው የቼኩ አቀናባሪ የድቮርዣክ «አሜሪካን» ኳርቴት ቢሆን ደስ ይለኛል። በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ስፒልቪል በምትባል ትንሽ መንደር የጻፈው ነው። መግቢያው ላይ ዜማውን የሚይዘው ቪዮላ ነው፤ ዜማውም የተሠራው በአምስት ድምፅ ነው። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝትም የቆመው በእነዚሁ አምስት ድምፆች አቀማመጥ ላይ ነው። የእኛ ሰው ጆሮ ማብራሪያ ሳይጠብቅ ይቀበለዋል።

የሃይድንና የድቮርዣክ ኖታ በነፃ ከኢንተርኔት ይገኛል፤ የቅጂ መብታቸው ካለፈ ቆይቷል። የሾው ግን ይገዛል፤ ለሕዝብ ለማቅረብም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ቀድማችሁ ጨርሱ። ተጫዋች ፍለጋ ደግሞ መጀመሪያ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጎራ በሉ።

አሁን አዳራሽ። ብሔራዊ ቴአትር ግርማ አለው፤ ግን ለአራት መሣሪያ ሰፊ ነው። ከ100 እስከ 200 ሰው የሚይዝ ይበቃል። ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩትን፣ ፒያሳ አካባቢ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴን ጠይቁ። ስትሄዱ መሀሉ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ወዲያው ከሞተ አዳራሹ ደረቅ ነው፤ እየተመላለሰ ከረበሸም አይሆንም። ቀና ብላችሁ ጣሪያውንም እዩ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ዝናብ ቼሎውን ጭራሽ ይውጠዋል። እኔ ብሆን ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ አደርገዋለሁ፤ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ ይገባል። በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ የቫዮሊን ቁልፎች ይላላሉ፤ ተጫዋቾቹ ቀደም ብለው ገብተው ይቃኙ።

መድረኩ ላይ መደገፊያ ክንድ የሌላቸው አራት ወንበሮችና አራት የኖታ ማስቀመጫዎች ይኑሩ። ቼሎው ሥር ምንጣፍ አንጥፉ። መሣሪያው የሚቆመው በሹል ብረት ስለሆነ፣ የተወለወለ ወለል ላይ እየተንሸራተተ ተጫዋቹን ያስጨንቀዋል። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ የኖታ መብራቶች አዘጋጁ። ጄኔሬተሩ አዳራሹ ጥግ ከሆነ ባይነሳ ይሻላል፤ ኳርቴት ያለ ኤሌክትሪክ ይጫወታል።

የቀረው ጭብጨባ ነው። ሃይድንም ድቮርዣክም አራት አራት ክፍል አላቸው፤ ልማዱ አራተኛው ሲያልቅ ማጨብጨብ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ ይህን በአጭሩ፣ በአማርኛ ይንገር። መሀል ላይ ያጨበጨበ ካለ ግን ማንም «እሽ!» እንዳይለው። ተጫዋቾቹ ፈገግ ብለው ይቀጥሉ።