«ኩዌንታ» የሚለውን የስፓኒሽ ስም እንደ አገባቡ መረዳት

ስፓኒሽ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «ኩዌንታ» የሚለውን ስም በመዝገበ ቃላት ሲፈልግ የምግብ ቤት ክፍያ፣ የባንክ አካውንት፣ ስሌት፣ ዶቃ የሚሉ ፍቺዎችን በአንድ ላይ ያገኛል። ይህን ሁሉ በቃል ማጥናት አያስፈልግም፤ «ሒሳብ» የሚለው የራሳችን ቃል አብዛኛውን መንገድ ያደርሰናልና። ጥንቃቄ የሚያሻው ሒሳብ የማይሠራበትን ቦታ በመለየቱ ላይ ነው።

ማድሪድም ሆነ ቦጎታ ምግብ ቤት ገብተው በልተው ሲያበቁ አስተናጋጁን «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቦር» ቢሉት ሒሳብ ይዞልዎት ይመጣል። ባንክ ሄደው «አብሪር ኡና ኩዌንታ» ሲሉም ሒሳብ መክፈት ማለትዎ ነው። ሌላው ቀርቶ «አኹስታር ኩዌንታስ» የሚለው ሐረግ፣ ልክ እንደኛው «ሒሳብ ማወራረድ»፣ ለገንዘብም ለበቀልም ያገለግላል።

ቃሉ በነጠላ ቁጥር ያለ መስተአምር፣ ማለትም ያለ «ላ» ወይም ያለ «ኡና»፣ ከግስ ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ግን ሒሳብን ይተዉት። «ቴኔር ኤን ኩዌንታ» ግምት ውስጥ ማስገባት ነው። «ዳርሴ ኩዌንታ» ደግሞ ልብ ማለት፣ መገንዘብ ነው፤ «ሜ ዲ ኩዌንታ ዴ ኬ ኖ ቴኒያ ላስ ያቤስ» ያለ ሰው ቁልፎቹን እንዳልያዘ እንደተገነዘበ መናገሩ ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችውን «ዴ» በንግግር ብዙዎች ይውጧታል፤ በጽሑፍ ግን መቅረቷ ስሕተት ስለሆነ ከመጀመሪያው አብረው እንዲለማመዷት አጥብቄ እመክራለሁ። ከግሱ ጋር ያለችው «ሴ» ከወደቀችም ፍቺው ፈጽሞ ይለወጣል፦ «ሴ ዲዮ ኩዌንታ ዴል ሩዊዶ» ድምፁን ልብ አለ ሲሆን፣ «ዲዮ ኩዌንታ ዴል ፖዮ» ግን ዶሮውን ጥርግ አድርጎ በላ ማለት ነው።

ይህ ደንብ የማይሠራባቸው ሁለት የተለመዱ ሐረጎች አሉ። «ካኤር ኤን ላ ኩዌንታ» መስተአምር ይዞም ትርጉሙ መገንዘብ ነው፤ «ማስ ዴ ላ ኩዌንታ» ደግሞ ከልክ በላይ ማለት ነው። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ይሻላል።

«ፖር ሚ ኩዌንታ» የሚለው ከፊቱ ባለው ግስ ይለያል። የእራት ግብዣ ላይ «ላ ሴና ኮሬ ፖር ሚ ኩዌንታ» የሚል ሰው «ሒሳቡ በእኔ ነው» ማለቱ ሲሆን፣ «አፕሬንዲ ፖር ሚ ኩዌንታ» የሚል ግን ያለ አስተማሪ በራሱ ጥረት መማሩን ይናገራል።

ዶቃ የሚለው ፍቺ ከሌሎቹ የራቀ ቢመስልም ምንጩ አንድ ነው። «ኩዌንታ» የተገኘው «ኮንታር» ከሚለው ግስ ነው፤ ግሱም መቁጠር፣ እንዲሁም ታሪክ መተረክ ማለት ነው። ጸሎት የሚቆጠርበት ዶቃ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሲሆን፣ እኛም «መቁጠሪያ» ያልነው ቆጠረ ከሚለው ግስ ነው። ግሱ ሲረባ ከስሙ ጋር አንድ መልክ ስለሚይዝ ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ፦ «ላ አቡዌላ ኩዌንታ ላስ ኩዌንታስ ዴል ሮሳሪዮ»። ከባለቤቱ ቀጥሎ ያለ መስተአምር የመጣው የመጀመሪያው ግስ ነው፤ «ላስ» የቀደመው ሁለተኛው ስም ነው፤ ሴት አያቲቱ የመቁጠሪያውን ዶቃዎች እየቆጠሩ ነው።