ኳሷ ሁለት ሜትር ሄዳ ስትቆም፦ የቺፕ ችግርና መፍትሄ

ጎልፍ እየተጫወታችሁ ነው፤ ሁለት ጥሩ ምት መትታችሁ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት በጣም አጥሮ የተቆረጠ ሣር) አጠገብ ደርሳችኋል። ጉድጓዱ በዓይን ይታያል፤ ቢበዛ 12 እርምጃ ነው። ከዚያ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬቱን ይቧጥጣል፣ ኳሷም ሁለት ሜትር ተንከባላ ትቆማለች። ተናዳችሁ ስትደግሙት ደግሞ አናቷን ታገኟታላችሁ። ግሪኑን አቋርጣ ማዶ ያለው ሣር ውስጥ ትገባለች። እዚህ ላይ የማይሳደብ ሰው ቅዱስ ነው።

ቺፕ ስል ከግሪኑ ዳር ሆኖ ኳሷን ጥቂት አንስቶ ግሪኑ ላይ ማሳረፍ፣ ቀሪውን መንገድ ደግሞ እንድትንከባለል መተው ማለቴ ነው። የምጽፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ ከሆናችሁ ቀኝና ግራውን ገልብጡት። «የፊት እግር» የምለው ወደ ጉድጓዱ ያለውን ነው።

መጀመሪያ ሣሩን እዩ

ብዙ ሰው አንድ ቺፕ እንደተበላሸበት አያያዙን ይቀይራል። ቀጥሎ አቋሙን፣ ቀጥሎ ዱላውን። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት መዋጥ ነው።

ስለዚህ ኳስ አታስቀምጡ። ሣሩ ላይ ቀጭን ገመድ ዘርጉና ቦታውን ካያችሁ በኋላ ሁለት ጫፉ ላይ አንድ አንድ ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) ተክላችሁ ገመዱን አንሱት። አሁን በሁለቱ ቲዎች መካከል በሐሳብ መስመር አለ። ኳስ ያለ መስሏችሁ መስመሩ ላይ ዱላውን አሥር ጊዜ አወዛውዙ። ከእያንዳንዱ በኋላ ዱላው ሣሩን የት እንደነካ ተመልከቱ።

መስመሩ ላይ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ከነካ አመታታችሁ ደህና ነው። ችግሩ የዱላ ምርጫ ወይም የርቀት ግምት ስለሆነ ከታች ስለ ርቀት ወደሚያወራው ክፍል ዝለሉ። ከመስመሩ በፊት ከነካ፣ ወይም አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከሆነ፣ ቀጣዩ ክፍል የእናንተ ነው። ከአሥር ጀማሪ ዘጠኙ እዚህ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። እኔም ዓመታት ኖሬበታለሁ።

ምልክት፦ አንዴ መሬት ይቆፍራል፣ አንዴ አናቷን ይመታል

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። አይደሉም። ዱላው ቅስት ሠርቶ ነው የሚወርደው፤ የቅስቱ ዝቅተኛ ነጥብ ከኳሷ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ዝቅ ሲል መሬቱን ይቆፍራል። ከመሬቱ ተርፎ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር ደግሞ ስለቱ (የዱላው ፊት የታችኛው ጠርዝ) የኳሷን ወገብ ይመታል። መቆፈሩም አናት መምታቱም ከዚያው አንድ ስህተት የሚወለዱ ናቸው። ለዚህ ነው «ቆፈርኩ» ብሎ ዱላውን ከፍ የሚያደርግ ሰው ወዲያው አናቷን የሚመታው።

ነጥቡ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል? ዋናው ምክንያት ኳሷን ለማንሳት መፈለግ ነው። ዓይን ጉድጓዱን ያያል፣ ልብ «ከፍ ትበል» ይላል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ይጋደላል፣ አንጓ እንደ ማንኪያ ከሥር ለመዛቅ ይሞክራል። አያስፈልግም። ሳንድ ዌጅ የሚባለው ዱላ (ዌጅ ኳሷን ከፍ የሚያደርግ ዱላ ነው) ፊቱ 56 ዲግሪ አካባቢ ያጋደለ ነው። ማንሳቱ የእሱ ሥራ ነው፤ እናንተ ሣሩን ብቻ ጥረጉ።

አቋሙን እንዲህ ያዙት። ሁለቱን እግር አቀራርቡ፤ በተረከዞቹ መካከል አንድ የጫማ ወርድ ቢኖር ይበቃል። ከክብደታችሁ ከ60 እስከ 70 በመቶው የፊት እግር ላይ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሲጀመር ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆይ። ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሱ ክብደቱን አብረው የሚወስዱት ብዙ ናቸው። ኳሷ ከእግሮቻችሁ መሐል ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ትሁን፤ የሸሚዛችሁ ቁልፎች ከእሷ ትንሽ ወደፊት ይሁኑ። ከመታችሁ በኋላ ደረታችሁ ወደ ጉድጓዱ መዞሩን ይቀጥል። ደረት ሲቆም እጅ ብቻውን ይሮጣል፣ መዛቁ ተመልሶ ይመጣል።

ለልምምድ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው፣ የታጠፈ ፎጣ ከኳሷ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አስቀምጡና ፎጣውን ሳትነኩ ምቱ። ፎጣ አይዋሽም። ሁለተኛው፣ የኋላ እግራችሁን ተረከዝ አንስታችሁ በጣቶቹ ብቻ መሬት አስነኩ። ክብደቱ ወደ ኋላ ልሂድ ቢልም የሚቆምበት የለውም። ሃያ ኳስ እንዲህ ከመታችሁ በኋላ ተረከዙን መልሱ።

«እጄን ወደፊት አድርጌያለሁ፣ ግን አሁንም ይቆፍራል»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ ምክር ሰምተው ያበዙት ናቸው። «እጅ ከኳሷ ይቅደም» የተባለ ሰው እጁን እስከ ፊት ጭኑ ውጭ ይወስደዋል። ያኔ ዱላው በጣም ይጋደምና ስለቱ እንደ ዶማ ወደ መሬት ይመለከታል።

ዌጅን ገልብጣችሁ የታችኛውን ክፍል እዩት። ከስለቱ ይልቅ ከኋላው ያለው ክፍል ዝቅ ብሏል። ይህ ባውንስ ይባላል፤ በዲግሪ ነው የሚለካው፣ ብዙ ጊዜም ቁጥሩ ዌጁ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጥቅሙ ዱላው መሬት ውስጥ ከመግባት ይልቅ እንዲንሸራተት ነው። ጎልፈኛው ጂን ሳራዘን ኒብሊክ የሚባለውን የድሮ ዱላውን ሥር ብረት በይዶ ያወፈረው ለዚሁ ነበር፤ በ1932 ዘ ኦፕን የተባለውን ትልቅ ውድድር ያሸነፈውም ያን ዱላ ይዞ ነው። ዱላውን ከልክ በላይ ወደፊት ስታጋድሙት ይህን ሁሉ ታጠፉታላችሁ። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የዱላው እጀታ ወደ ፊት ጭናችሁ ውስጠኛ ጎን ይመልከት፣ ከዚያ አይለፍ።

መሬቱ ለስላሳ ወይም እርጥብ ከሆነ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ባውንስ ያለው ዌጅ ያግዛል። ሣሩ የተላጨ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ዝቅተኛ ባውንስ ይሻላል። ዱላ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ፎጣውን አሸንፉ።

ምልክት፦ አመታቱ ደህና ነው፣ ርቀቱ ግን ዕጣ ነው

አንዱ አጥሮ ይቀራል፣ ሌላው አልፎ ይሄዳል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ነው። ዱላውን በጣም ወደ ኋላ ታነሳላችሁ፣ መሐል ላይ «ወይኔ በዛ» ትላላችሁ፣ ኳሷ ጋ ሲደርስ ትይዙታላችሁ። ወደ ኋላ የምትወስዱትን አሳጥሩና ወደፊት ቢያንስ ያንኑ ያህል ጨርሱት። ፍጥነቱ ከኳሷ በፊት አይሙት።

አንዳንዴ ደግሞ መንስኤው ዒላማው ነው። ጉድጓዱን ካያችሁ ኳሷ ጉድጓዱ ላይ ታርፍና ታልፋለች። መታየት ያለበት ማረፊያው ነው። በ2005 ማስተርስ በተባለው ትልቅ ውድድር 16ኛው ጉድጓድ ላይ ጎልፈኛው ታይገር ዉድስ የመታት ቺፕ ወደ ጉድጓዱ አልነበረም የሄደችው፤ ከጉድጓዱ ብዙ ወደ ግራ አርፋ ቁልቁለቱን ይዛ መጣች፣ አፋፉ ላይ ቆም አለችና ገባች። እሱ የመረጠው ቦታ ነበር፣ ቀሪውን የሠራው ተዳፋቱ ነው።

ማረፊያው በተቻለ መጠን ግሪኑ ላይ፣ ከዳሩ አንድ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ ይሁን። ከዚያ ዱላውን በስሌት ምረጡ። ጠፍጣፋ፣ መካከለኛ ፍጥነት ባለው ግሪን ላይ ግምቱ እንዲህ ነው፦ ሳንድ ዌጅ የበረረውን ያህል ይንከባለላል። ፊታቸው ያነሰ ያጋደሉት ዱላዎች ደግሞ የበለጠ፦ ፒቺንግ ዌጅ ሁለት እጥፍ፣ 9 ቁጥር አይረን ሦስት እጥፍ፣ 7 ቁጥር አራት አምስት እጥፍ። ኳሷ ከግሪኑ ዳር ሁለት እርምጃ ውጭ ናት፣ ጉድጓዱ ደግሞ ከዳሩ 10 እርምጃ ገባ ብሏል እንበል። ማረፊያው ሦስት እርምጃ ላይ ነው፤ የቀረው ዘጠኝ። ሦስት እጥፍ ስለሆነ 9 ቁጥርን አውጡ። ቁልቁለት ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ የምታደርግ ዱላ፣ ዳገት ከሆነ በተቃራኒው። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ በራሳችሁ እጅ ለክታችሁ አስተካክሏቸው።

እጃችሁ እንዲለምደው ማረፊያው ላይ ፎጣ አንጥፉና መጀመሪያ ኳሷን በእጅ ከሥር ወርውሯት። እጅ ያለ ማንም አስተማሪ ምን ያህል እንደሚበቃ ያውቃል። ከዚያ በዱላው ያንኑ ድገሙት።

በነገራችን ላይ፣ በኳሷና በግሪኑ መሐል ያለው ሣር አጭርና ለስላሳ ከሆነ ፓተሩን (ኳሷን መሬት ለመሬት የሚያንከባልለውን ዱላ) አውጡ። ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም የውጤት ካርዱ ላይ ሳቅ አይጻፍም።

ምልክት፦ ኳሷ በቀኝ በኩል ተስፈንጥራ ትጠፋለች

ሻንክ ነው። ኳሷን የመታው የዱላው ፊት ሳይሆን ዘንጉ ከራሱ ጋር የሚጋጠምበት አንገቱ ነው። ወይ ለኳሷ በጣም ቀርባችኋል፣ ወይ ክብደታችሁ ወደ እግር ጣቶች ሄዷል፣ ወይ እጃችሁ ሲወርድ ከሰውነታችሁ ይርቃል። ክብደቱን ወደ እግራችሁ መሐል መልሱ። ከኳሷ ማዶ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሌላ ኳስ አስቀምጡና የቅርቧን ብቻ ምቱ።

ምልክት፦ ያለ ኳስ ጥሩ፣ ኳስ ሲመጣ እጅ ይንቀጠቀጣል

ይፕስ ይሉታል። የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ታይገር ዉድስ በ2015 መጀመሪያ ላይ በፊኒክስ ኦፕን ውድድር በአንድ ዙር 82 ምት (ለእሱ ብዙ ነው) በመታ ጊዜ ቺፑ ዓለም እያየው ነበር የተበላሸው። አቋም ማስተካከል እዚህ ብዙም አይረዳም፤ እጅ የለመደውን መንገድ ማስቀየር ይሻላል። ግራ እጅን ከታች፣ ቀኙን ከላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። የ2022 ዩ.ኤስ. ኦፕን አሸናፊ ማት ፊትዝፓትሪክ ቺፕ የሚመታው እንዲህ ነው። ወይም ስትመቱ ኳሷን ሳይሆን ማረፊያውን እያያችሁ ምቱ። ሲጀመር ያስፈራል፣ ግን እጅ የሚደነግጥበትን ነገር ከዓይን ያርቅለታል።

ስለ ባንከር አንድ ቃል

ባንከር በሚባለው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከኳሷ በፊት መምታት እዚህ ትክክል ነው። የዱላውን ፊት ክፈቱ፣ ከኳሷ አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ግቡ፣ አታቁሙ። ለልምምድ አሸዋው ላይ መስመር አስምሩና ኳስ ሳይኖር መስመሩን ብቻ ምቱ። ጨዋታ ላይ ግን ከመምታታችሁ በፊት ዱላውን ለሙከራ ስታወዛውዙ አሸዋውን መንካት ሁለት ምት ያስቀጣል።

ምልክት፦ ልምምድ ላይ ንጉሥ፣ ጨዋታ ላይ ሌላ ሰው

ሃምሳ ኳስ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዱላ፣ ከተስተካከለ ሣር ላይ ትመታላችሁ። አሥረኛው ላይ እጅ ይለምዳል፣ ሃያኛው ላይ ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ጨዋታው ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ኳሷ ሣር ውስጥ ሰጥማ ወይም ተዳፋት ላይ ትጠብቃችኋለች። በዚያ ላይ የመለማመጃ ቦታ ኳሶች ብዙ ጊዜ ደረቅ ልባስ ያላቸው ናቸው፤ ግሪን ላይ እንደ ራሳችሁ ኳስ ቶሎ አይቆሙም።

ስለዚህ አመታቱ ከተስተካከለ በኋላ የኳስ ክምሩን ተዉት። አንድ ኳስ፣ ጨዋታ ላይ የምትጠቀሙባትን፣ ዌጅ፣ 9 ቁጥርና ፓተር ይዛችሁ ግሪኑን ዙሩ። ዘጠኝ ቦታ ምረጡ፤ ሦስቱ ቀላል፣ ሦስቱ መካከለኛ፣ ሦስቱ ክፉ። ከእያንዳንዱ አንድ ቺፕ ብቻ ምቱና ኳሷ እስክትገባ ፓት አድርጉ (በፓተር ምቱ)። የእያንዳንዱ ፓር (የሚጠበቀው የምት ብዛት) ሁለት ነው፣ ድምሩ 18። ኳሷን በእጅ ማስተካከል የለም፤ የወደቀችበት ነው።

ጀማሪ 27 ቢያመጣ አይክፋው፤ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ቺፕና ሁለት ፓት ማለት ነው። ውጤቱን ስትጽፉ ድምሩን ብቻ አትጻፉ። የትኛው ቦታ አራት እንዳስቆጠራችሁ፣ የቆፈራችሁ ይሁን ያለፈባችሁ፣ አጠገቡ በሁለት ቃል አስፍሩ። በሚቀጥለው ቀን ፎጣውን መጀመሪያ የምትዘረጉት እዚያ ቦታ ላይ ነው።